የማምረቻ ስህተት ነው ወይስ በኋላ የደረሰ ጉዳት? የሳንቲም አመረማመር ዝርዝር መመሪያ

«ይህችን ፔኒ ካገኛችሁ ሀብታም ሆናችሁ ማለት ነው» የሚል ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያልመጣበት ሰው ያለ አይመስለኝም። አሜሪካ ውስጥ ሱቅ የሚሸጡ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ሲቆጥሩ ይውላሉ። አንድ ቀን ጠማማ ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲም) ወይም ፊደሉ የተደራረበ ፔኒ (ባለ አንድ ሳንቲም) ሲያዩ ልባቸው ድንግጥ ቢል አይገርምም። አንዳንዱ በእርግጥ ዋጋ አለው። አብዛኛው ግን መኪና የረገጠው፣ ልብስ ማድረቂያ ውስጥ የከረመ፣ ወይም ሰው ሆን ብሎ ያበላሸው ነው።

ሁለቱን ለመለየት ትልቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ነገር ሳንቲሙ ሲሠራ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊፈጠር ይችላል? ደረጃውን መጥቀስ ከቻላችሁ ምርመራውን ቀጥሉ። ካልቻላችሁ፣ ምንም ያህል የሚገርም ቢመስል፣ ጉዳት ነው ብላችሁ ተነሱ። ከታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት የአሜሪካ ሳንቲሞች ናቸው። መጨረሻ አካባቢ ግን ወደ አገር ቤት ሳንቲሞችም እንመጣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሳንቲም እንዴት እንደሚሠራ እወቁ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተጠቀለለ ረጅም የብረት ንጣፍ ይመጣል። መቁረጫ ማሽን ከንጣፉ ላይ ክብ ክብ እያደረገ ይቆርጣል። እነዚህ ገና ምንም ያልታተመባቸው ባዶ ጥፍጥፎች ናቸው። ጥፍጥፎቹ እንዲለሰልሱ እቶን ውስጥ ይገባሉ፣ ይታጠባሉ። ቀጥሎ ሌላ ማሽን ዙሪያቸውን እየጨመቀ ከንፈር ያወጣላቸዋል።

ከዚያ ማተሚያው ይመጣል። አንድ ማኅተም ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ዙሪያውን ደግሞ የብረት ቀለበት አለ። ማኅተሞቹ ጥፍጥፉን በአንድ ምት ይጨምቁታል። ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ የሚይዘው ቀለበቱ ነው። የኳርተርና የዳይም (ባለ 10 ሳንቲም) ቀለበት የውስጥ ግድግዳው ጥርስ አለው። ኳርተር ጎኑ ላይ 119 ጥርስ፣ ዳይም 118 ጥርስ የሚኖረው ከዚህ የተነሳ ነው።

እንግዲህ ስህተት የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፦ ጥፍጥፉ፣ ማኅተሙ፣ ምቱ። ጥፍጥፉ ተቆርጦ ወይም ተሰንጥቆ ሊመጣ ይችላል። ማኅተሙ ተሰንጥቆ፣ ተፍቆ ወይም ቆሻሻ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ምቱ ደግሞ ከመሃል ሊስት፣ ያለ ቀለበት ሊሆን ወይም ሊደገም ይችላል። ከዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ ማለት ይቻላል ሳንቲሙ ከማምረቻው ከወጣ በኋላ የመጣ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ማግኔት፣ ከአንድ አቅጣጫ የሚያበራ መብራት። ሚሊ ሜትር የሚለካ ካሊፐር ካላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ግን ያው ዓይነትና ያው ዘመን የሆነ ጤነኛ ሳንቲም ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። ጤነኛው ምን እንደሚመስል ሳያውቁ የታመመውን መመርመር አይቻልም።

ሳንቲሙን አትጠቡት፣ አትፈትጉት፣ ሎሚም ኮምጣጤም አታስነኩት። የጠፋው የተፈጥሮ ገጽታ ተመልሶ አይመጣም። እውነተኛ ስህተት እንኳ ቢሆን ከተፈተገ ዋጋው ይወርዳል። ስትይዙትም ጎንና ጎኑን ብቻ ያዙ።

ደረጃ 3፦ መዝኑት

ሰው ይህን ደረጃ ሲዘል ሳይ ያናድደኛል። ግማሹ ክርክር ሚዛን ላይ ያልቃል።

ዳይም 2.27 ግራም፣ ኒክል (ባለ 5 ሳንቲም) 5 ግራም፣ ኳርተር 5.67 ግራም ነው። ፔኒ ሁለት ዓይነት ነው። እስከ 1982 አጋማሽ ድረስ 95 በመቶ መዳብ ሆኖ 3.11 ግራም ይመዝን ነበር። ከዚያ ወዲህ መዳብ የተቀባ ዚንክ ሆነና 2.5 ግራም ወረደ። በ1982 ሁለቱም ተመርተዋል። ስለዚህ የ1982 ፔኒ 3.1ም ሆነ 2.5 ቢመዝን ስህተት አይደለም። የ1983 ፔኒ 3.1 ግራም ከመዘነ ግን ያኔ ተቀመጡና በደንብ ተመልከቱት። በአሮጌው የመዳብ ጥፍጥፍ ላይ የታተመ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው እጅግ ብርቅ ነው።

ጥቂት ልዩነት ጤነኛ ነው። ፔኒ ላይ እስከ 0.1 ግራም፣ ኳርተር ላይ እስከ 0.2 ግራም ገደማ ከፍና ዝቅ ቢል አትደናገጡ።

አሁን ሚዛኑ ምን እንደሚነግራችሁ እንይ። መዳብ የመሰለ ቀይ ኳርተር አገኛችሁ እንበል። የኳርተር መሃሉ ንጹህ መዳብ ነው፣ ከላይና ከታች ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ተለብዷል። እያንዳንዱ ልባድ የውፍረቱን ስድስተኛ ያህል ይይዛል። ጥፍጥፉ ከመታተሙ በፊት አንዱ ልባድ ከተላቀቀ አንዱ ፊት ቀይ፣ ሌላው ነጭ ይሆናል። ክብደቱም ወደ 4.7 ግራም ይወርዳል። ሁለቱም ፊት ቡናማ ሆኖ 5.6 ምናምን ከመዘነ ግን መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ኳርተር ነው። አፈር ያቀልመዋል፣ ልባዱ ግን አለ።

ሳንቲሙ ቀሎ፣ ፊደሎቹም ሁሉ እኩል ሟምተውና ቀጥነው ከታዩ አሲድ በልቶታል። እንዲህ ያለውን «በቀጭን ጥፍጥፍ የታተመ» ብለው የሚሸጡ አሉ። በቀጭን ጥፍጥፍ ላይ የታተመ እውነተኛ ሳንቲም ፊደሉ አንዳንድ ቦታ ይደክማል እንጂ ገጹ በሙሉ የተላጠ አይመስልም።

በሌላ ሳንቲም ጥፍጥፍ ላይ የታተመም በሚዛን ይያዛል። የኳርተር ሥዕል ኖሮት 5 ግራም ከመዘነ ኒክል ጥፍጥፍ ላይ ታትሞ ሊሆን ይችላል። የኒክል ስፋት 21.21 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኳርተር 24.26 ነው። ስለዚህ ዙሪያ ያሉት ፊደሎች ከሳንቲሙ ውጭ ቀርተው መታየት አለባቸው። ሁሉም ፊደል ተሟልቶ፣ ሳንቲሙ ግን ትንሽ ከሆነ፣ ሰው ነው ያሳነሰው።

ደረጃ 4፦ ምልክቱ ወጣ ያለ ነው ወይስ የሰረጎደ?

መብራቱን በአግድም አድርጉና ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጫማ ጭቃ ላይ ሲያርፍ የጫማው ሥር ጎድጓዳ የሆነበት ቦታ ጭቃው ላይ ጉብ ይላል። ማኅተምና ሳንቲምም እንዲሁ ናቸው። ማኅተሙ ላይ ስንጥቅ ካለ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ሳንቲሙ ላይ ወጣ ያለ ቀጭን መስመር ይሆናል። ስለዚህ ወጣ ያለ መስመር የማምረቻ ነገር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከገጹ በታች የገባ መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ነው።

ጭረትን የሚያጋልጥ ሌላም ምልክት አለ። ስለታም ነገር ብረት ሲጭር ብረቱን አያጠፋውም፣ ወደ ዳር ይገፋዋል። በመነጽር ስታዩ በጭረቱ ግራና ቀኝ ትንሽ ግርግዳ ተነስቶ ታገኛላችሁ። ይህን ካያችሁ ጨርሳችኋል። ጉዳት ነው።

ሰርጎድ ያለ ሁሉ ግን ጉዳት አይደለም። ማኅተሙና ጥፍጥፉ መሃል ክር፣ የብረት ቅንጣት ወይም ግራሶ ከገባ ቦታው ይሰረጉዳል ወይም ፊደሉ ሳይወጣ ይቀራል። ልዩነቱ ዳሩ ላይ ነው። የተገፋ ብረት የለም። ግራሶ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ቀስ እያለ ይደበዝዛል እንጂ አይቆረጥም፣ ቦታውም የጤነኛውን ገጽ ያህል ለስላሳ ነው። የተፋቀ ፊደል ሥሩ ላይ የመፋቂያው መስመሮች ይቀራሉ።

የማኅተሙ ዳር ተቆርሶ ከወደቀ ደግሞ ሳንቲሙ ከንፈር ላይ ምንም ያልተጻፈበት ጉብታ ይፈጠራል። እውነተኛውን ለማረጋገጥ ሳንቲሙን ገልብጡት። ከጉብታው ጀርባ ያለው ቦታ ደከም ብሎ መታየት አለበት፤ ብረቱ ወደ ጉድጓዱ ስለፈሰሰ ለዚያኛው ፊት አልበቃም። ጀርባው ሹል ሆኖ ከታተመ ጉብታው በሙጫ ወይም በብየዳ የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ጎኑን እዩ

ጎኑን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፣ የሚናገረው ግን ብዙ ነው።

ያለ ቀለበት የታተመ ኳርተር ብረቱ ወደ ጎን ስለፈሰሰ ከ24.26 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ጥርስ የለውም። ሥዕሉ ግን ሙሉ ነው። ጥርሱ ጠፍቶ ስፋቱ ከቀነሰ ግን ተሞርዷል ወይም ማድረቂያ ውስጥ ገብቷል።

የማድረቂያውን ሳንቲም በደንብ እወቁት፤ በየቀኑ «ስህተት» ተብሎ ይሸጣል። ከኪስ የወደቀ ሳንቲም በማድረቂያው ከበሮ ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ለወራት ሲሽከረከር ይኖራል። ሲወጣ ስፋቱ አንሷል፣ ከንፈሩ ወፍሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ከንፈሩ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ተበልተዋል ወይም ከንፈሩ ሥር ተቀብረዋል። መሃሉ ግን ደህና ነው። ክብደቱም ብዙ አይለወጥም። ሲያዩት ያምራል፣ ዋጋው ግን የተጻፈበት ብቻ ነው።

በ2007 የወጣው የጆርጅ ዋሽንግተን 1 ዶላር ሳንቲም ለዚህ ደረጃ ግሩም ማስተማሪያ ነው። የዚህ ሳንቲም የጎን ጽሑፍ የሚደረገው ከታተመ በኋላ በሌላ ማሽን ነበር። ብዙ ሳንቲሞች ያንን ማሽን ሳያዩ ወጡ። ጎናቸው ለስላሳ ሆኖ ቀረ። ደረጃውን መጥቀስ ይቻላል፣ ስለዚህ ስህተት ነው። አጭበርባሪ ደግሞ ጽሑፉን ሞርዶ ያጠፋል። ለኩት፦ 26.5 ሚሊ ሜትርና 8.1 ግራም መሆን አለበት። የተሞረደው በሁለቱም ይጎድላል።

ደረጃ 6፦ ድርብርብ ፊደል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ስመ ጥሩው የ1955 ፔኒ ነው። ፊላዴልፊያ ውስጥ አንዱ ማኅተም ሲሠራ ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ተጨምቆበታል፣ በሁለቱ መካከል ግን ጥቂት ዞሮ ነበር። ከዚያ ማኅተም የወጣ ፔኒ ሁሉ ዓመተ ምሕረቱም ጽሑፉም በዓይን በሚታይ ደረጃ ሁለት ሁለት ሆነ። ከ20 ሺህ በላይ ወደ ገበያ እንደወጡ ይገመታል። ብዙዎቹ የተገኙት በሲጋራ ፓኬት ነው። የመሸጫ ማሽኑ 25 ሳንቲም ይቀበል ነበር፣ ሲጋራው 23 ነበርና መልሱ ሁለት ፔኒ በፓኬቱ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸግ ነበር።

እውነተኛ ድርብ ማኅተም በመነጽር ሲታይ ሁለቱም ምስሎች ክብ ትከሻ አላቸው። ፊደሉ ከተለመደው ይወፍራል። የፊደሉ ጫፍ ላይ የተሰነጠቀ ሹካ የመሰለ ቁራጭ ይታያል።

ሌላው ድርብርብ ማኅተሙ ከምቱ በኋላ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ነው። ማኅተሙ ፊደሉን ገፋ አድርጎ ጎኑን ይጨፈልቀዋል። በፊደሉ ጎን ጠፍጣፋና የሚያበራ ደረጃ ይፈጠራል። ፊደሉ ራሱ ግን ይቀጥናል፣ ምክንያቱም ደረጃው የተቀነሰው ከእሱ ላይ ነው። ይህ ማምረቻው ውስጥ የሆነ ነገር ነው፣ ሰብሳቢዎች ግን ዋጋ አይሰጡትም። ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚታዩት «ድርብ» ሳንቲሞች ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ለማስታወስ ይህን ያዙ፦ ፊደሉ ከወፈረ ተስፋ አለ፣ ከቀጠነ የለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከ1982 ወዲህ ያሉ ፔኒዎች ላይ የመዳቡ ቅብ በፊደሉ ሥር ይሰነጠቅና ግራጫው ዚንክ እንደ ሁለተኛ ፊደል ይታያል። ድርብ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ማኅተሞች በአንድ ጭምቅ ብቻ ስለሚሠሩ፣ በአዲስ ሳንቲም ላይ የሚገኝ እውነተኛ ድርብርብ ትንሽና ብዙ ጊዜ ወደ መሃል የተጠጋ ነው። የ1955ቱን ያህል የሚጮህ ድርብርብ በቅርብ ዓመት ሳንቲም ላይ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ደረጃ 7፦ ቁራሽ የጎደለው ሳንቲም

ንጣፉ በደንብ ወደ ፊት ሳይሄድ መቁረጫው ከወረደ ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ይደርባል። ጥፍጥፉ የጨረቃ ቅርጽ ጎድሎት ይወጣል። እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ የጎደለውን ሳይሆን ትክክል ከሱ ፊት ለፊት ያለውን ከንፈር ተመልከቱ። ከንፈር የሚያወጣው ማሽን ጥፍጥፉን የሚጨምቀው ከሁለት ወገን ነው። በአንዱ ወገን ብረት ከሌለ በሌላው ወገን የሚደገፍበት ያጣል። ስለዚህ ተቃራኒው ከንፈር ደካማ ወይም የጠፋ ይሆናል። በመቀስ ወይም በሞረድ የተቆረጠ ሳንቲም ተቃራኒው ከንፈር ሙሉ ነው። ፊደሎቹም እውነተኛው ላይ ወደ ጉድለቱ ሲጠጉ ይሳባሉ፣ የውሸቱ ላይ ቀጥ ብለው ይቆረጣሉ። ይህ ምልክት ሁልጊዜ ባይኖርም ካለ ግን ትልቅ ማስረጃ ነው።

ደረጃ 8፦ የታወቁ ወጥመዶች

ሁለት ፊቱ «ራስ» የሆነ ኳርተር፦ ይህ የአስማተኞች ዕቃ ነው። አንዱ ሳንቲም ከውስጥ ይቦረቦራል፣ ሌላው ተሞርዶ ውስጡ ይገባል። ከንፈሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ክብ የሆነች ቀጭን ስፌት ታገኛላችሁ። ጠረጴዛ ላይ ስትጥሉትም ድምፁ የደነዘዘ ነው።

የተገለበጠ ፊደል የሰረጎደበት ሳንቲም፦ ሁለት ሳንቲም በሞርሳ ሲጨመቅ አንዱ በሌላው ላይ ይታተማል። ምልክቱ፣ የመጀመሪያው ሥዕል ተጨፍልቆ ሥር መቅረቱ ነው። ማምረቻው ውስጥ የታተመ ሳንቲም ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ቀጣዩን ጥፍጥፍ ቢያትም ግን የሚወጣው ምስል ጥርት ያለ ነው፣ ሥሩ ሌላ ሥዕል የለም።

የ1943 የመዳብ ፔኒ፦ በዚያ ዓመት በጦርነቱ ምክንያት ፔኒ ከዚንክ ቅብ ብረት ይሠራ ነበር። በመዳብ የታተሙ በጣም ጥቂት ወጥተዋል፣ ዋጋቸውም ከፍተኛ ነው። ማግኔት አስጠጉ። ከተጣበቀ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ካልተጣበቀ 3.11 ግራም መሆኑን እዩ። ከዚያም 3ቱን በመነጽር መርምሩ፣ የ1948ን 8 ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉና።

ባለ ሦስት እግሩ ጎሽ፦ በ1937 ዴንቨር ውስጥ አንድ የኒክል ማኅተም ከልክ በላይ ተፍቆ የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፋ። ብዙ ሰው በተራ ኒክል ላይ እግሩን ፍቆ ይሸጣል። እውነተኛው ላይ ከጎሹ ሆድ ሥር ወደ መሬት የሚወርዱ ትናንሽ ወጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። የኋላ እግሩም የተበላ ይመስላል። ፋቂው እግር ማጥፋት ይችላል፣ ወጣ ያለ ነጠብጣብ ግን ከየትም አያመጣም።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሳቸው። በፔኒ ገጽ ላይ የፈላ የሚመስል እብጠት ቅቡ ሥር የገባ አየር ወይም የዛገ ዚንክ ነው። ገጹ ላይ ክብ የሆነ ጭረት ካለ የሳንቲም መጠቅለያ ማሽን ያደረገው ነው። ብር የመሰለ ፔኒ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ክፍል ሥራ ነው።

የአገር ቤት ሳንቲሞች

ቤት ውስጥ ከአያት የተወረሰ ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር) ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሁሉም 1780 ይላል፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ያው ዓመተ ምሕረት ሳይቀየር ስለታተመ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። እናቶቻችን አንገት ላይ ያንጠለጥሉት ስለነበር ብዙው ተበስቷል ወይም ጆሮ ተበይዶለታል። ብየዳው ተነስቶ ከሆነ ጎኑን አዙራችሁ ተመልከቱ። ጎኑ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለ። አንድ ቦታ ላይ ጽሑፉ ተሞልቶ ወይም ተፍቆ ካገኛችሁት ጆሮው የነበረው እዚያ ነው። በሰብሳቢ ዓይን ጉዳት ነው። ለቤተሰብ ግን ያንጠለጠለችው እናት ታሪክ ነው፣ ለማሳመር ብላችሁ አታስፈትጉት።

በንጉሡ ጊዜ የወጣው፣ 1936 ዓመተ ምሕረት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተጻፈበት የመዳብ ስሙኒ ደግሞ ሰውን ግራ ያጋባል። መጀመሪያ ክብ ነበር። ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ስለሚመሳሰል በኋላ ጠርዙ ሞገዳማ ተደረገ። ክቡም ሞገዳሙም ትክክለኛ ናቸው፣ ሞገዱን ሰው ያበላሸው እንዳይመስላችሁ።

ሁለት ብረት የተጣመረበት አንድ ብር ላይ መሃሉ ወልቆ ካገኛችሁ የቀለበቱን ውስጠኛ ዳር እዩ። ያለ መሃል ከታተመ ብረቱ ወደ ውስጥ ፈሶ ዳሩ ይዝረከረካል። በመዶሻ የወጣ ከሆነ ዳሩ ቀጥ ያለ ነው። በኋላ የወጡ ሳንቲሞቻችን ላይ ማግኔት ቢጣበቅም አትደነቁ፣ ቅብ ብረት ሆነው ተሠርተዋል።

ደረጃ 9፦ ሁሉንም ካለፈ

ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ የማግኔቱን ውጤት ጻፉ። ሁለቱንም ፊትና ጎኑን፣ ከጤነኛ ሳንቲም ጋር አድርጋችሁ፣ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ያው ስህተት ያለበት ሳንቲም በስንት እንደተሸጠ ፈልጉ። የተጠየቀበትን ዋጋ ሳይሆን ተሽጦ ያለቀበትን። ሻጭ የፈለገውን መጻፍ ይችላል።

ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲና አናክስ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው አሽገው ይመልሳሉ። ክፍያ፣ መላኪያና ኢንሹራንስ ስላለ ከመላካችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ትንሽ የማኅተም ስንጥቅ ያለበት ፔኒ የምርመራውን ወጪ አይመልስም። ልባድ የጎደለው ኳርተር ወይም ከመሃል በጣም ስቶ የታተመ ሳንቲም ግን ሊመልስ ይችላል። መጀመሪያ የስህተት ሳንቲም የሚያውቅ ነጋዴ ጋር ሄዳችሁ አሳዩ፣ በአንዱ መልስ ብቻም አትሽጡ። እስከዚያው ድረስ ለሳንቲም በተሠራ ካርቶን ወይም ፕላስቲክ መያዣ ውስጥ አስቀምጡት። የተለመደው ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል፣ ከማምረቻው በስህተት የወጣውን ሳንቲም እናንተ ቤት ያበላሽባችኋል።